ማሳለጫ ለመሥራት የሚሆን ጨዋታ፦ «ሲቲስ፦ ስካይላይንስ»

ስታዲየም አካባቢ ካለው ቤታችን አራተኛ ፎቅ ሆኜ ወደ ታች ስመለከት፣ ከለገሃር በኩል የሚመጣው መኪና፣ ወደ መስቀል አደባባይ የሚያመራው አውቶቡስና በላያቸው በድልድይ የሚያልፈው ቀላል ባቡር በአንድ ጊዜ ይታዩኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ ይህን እያየሁ ስላደግሁ መንገድ ሁልጊዜ ይማርከኛል፤ ሆኖም መንገድ እንዴት እንደሚታቀድ ማሰብ የጀመርኩት ውጭ አገር የምትኖረው እህቴ ከሦስት ዓመት በፊት «ሲቲስ፦ ስካይላይንስ» የተባለውን የከተማ ግንባታ ጨዋታ በስጦታ ከላከችልኝ በኋላ ነው። ስለ ጨዋታው ቀረጥ አሰባሰብ፣ ስለ ትምህርት ቤቶቹና ስለ ቆሻሻ አወጋገዱ ሌሎች ብዙ ስለጻፉ እኔ እዚህ የምመዝነው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ እውነተኛ የሚመስል፣ እውነተኛ ሆኖም የሚሠራ የፈጣን መንገድ ማሳለጫ ለመንደፍ ምን ያህል ይረዳል?

ጨዋታው እ.ኤ.አ. መጋቢት 10 ቀን 2015 ለገበያ የቀረበ ሲሆን፣ የሠራው በፊንላንድ ታምፔሬ ከተማ የሚገኘው ኮሎሳል ኦርደር፣ ያሳተመው ደግሞ የስዊድኑ ፓራዶክስ ኢንተርአክቲቭ ነው። ተጫዋቹ የሚጀምረው ጎኑ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ አንድ ካሬ መሬት ላይ ነው፤ ከተማው ሲያድግ በመደበኛው ጨዋታ እስከ 9 ካሬ ድረስ መግዛት ይቻላል። ከመሬቱ ጫፍ የሚመጣ ፈጣን መንገድ አስቀድሞ ተዘርግቶ ይጠብቃል፤ የመጀመሪያው ሥራም ያንን መንገድ ከሚመሠረተው ከተማ ጋር ማገናኘት ነው። ስለዚህ የማሳለጫ ጥያቄ የሚመጣው ገና አንድ ቤት ሳይሠራ ነው።

የመንገድ መዘርጊያ መሣሪያው ቀላልና ታማኝ ነው። መነሻውን፣ አቅጣጫውንና መድረሻውን በመጠቆም ኩርባ ይሠራል፤ ከፍታውን በ12፣ በ6 ወይም በ3 ሜትር እርምጃ ከፍ ዝቅ ማድረግም ይቻላል። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ እኔም ተሳስቻለሁ። በ12 ሜትር እርምጃ አንድ ጊዜ ተጭኖ ድልድዩን ማንሳት ስለሚቀል፣ መወጣጫው እንደ መሰላል ቀጥ ብሎ ይቆማል። ጨዋታው ዳገቱ ከልክ ሲያልፍ ይከለክላል እንጂ፣ የሚፈቅደው ዳገት በእውነተኛ ፈጣን መንገድ ላይ ከሚታየው እጅግ ይበልጣል። በቀላል ስሌት እንየው፦ 12 ሜትር ከፍታ ላይ የሚደርስ መወጣጫ በመቶ 5 ዳገት ብቻ ይውጣ ቢባል 240 ሜትር መንደርደሪያ ይፈልጋል። በጨዋታው መሬት የሚከፋፈልበት ትንሿ ካሬ ጎኗ 8 ሜትር ስለሆነ ይህ 30 ካሬ ማለት ነው። ብዙ ተጫዋች ለመወጣጫ የሚተወው መሬት ከዚህ ሩቡን ያህል እንኳ አይሞላም። እኔ ልማዴን ከቀየርኩ በኋላ፣ በ3 ሜትር እርምጃ እየቆጠርኩ ለእያንዳንዱ እርምጃ ቢያንስ 60 ሜትር ስሰጥ፣ ድልድዮቼ ወዲያውኑ ከመጫወቻነት ወጥተው መንገድ መሰሉ።

የኩርባውም ነገር እንደዚሁ ነው። መኪና በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እየተነዳ የሚዞርበት ክብ መውጫ በእውነተኛው ዓለም ራዲየሱ 50 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ይህም ከመሃል እስከ ጠርዝ 6 ካሬ ያህል ነው። ፈጣን ተሽከርካሪ ሊዞርበት ሲገባ ደግሞ ቦታው በጣም ይሰፋል። ይህን ቁጥር ይዤ ስገባ ነው ማሳለጫ ምን ያህል መሬት እንደሚበላ የገባኝ። በመሃል ከተማ፣ ቤትና ሱቅ ተጠጋግተው ባሉበት ሰፈር፣ ባለ አራት ክብ ማሳለጫ ለመሥራት ስንት ቤት መነሣት እንዳለበት ጨዋታው በካሬ ቆጥሮ ያሳያል፤ እያንዳንዱ የፈረሰ ቤትም ነዋሪ ነበረው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የመንገዶች ዝርዝር ውስጥ ተዘጋጅተው የተቀመጡ ማሳለጫዎች አሉ፤ ከነሱ ውስጥ በጣም የሚያምረው ቅርጹ የማገጥ ቅጠል የሚመስለውና ክሎቨርሊፍ የሚባለው ነው። በአሜሪካ የመጀመሪያው በኒው ጀርሲ ግዛት፣ ዉድብሪጅ በተባለ ቦታ እ.ኤ.አ. በ1929 ተሠራ። ሁለት ፈጣን መንገዶች በአንድ ድልድይ ብቻ ተሻግረው፣ ያለ ትራፊክ መብራት በሁሉም አቅጣጫ መታጠፍ ያስችላሉ። እኔም ይህን ቅርጽ በሁለት ትልልቅ መንገዶቼ መገናኛ ላይ ተከልሁት። ከተማዬ ትንሽ እያለ በደንብ ሠራ፤ ነዋሪው ሲበዛ ግን ከድልድዩ ሥር ሰልፉ እየረዘመ መጣ። ምክንያቱን ለማወቅ ጨዋታውን አቁሜ መኪና በመኪና ተከታተልኩ። ከአንዱ ክብ የሚወጣው መኪና ወደ ፈጣኑ መንገድ ለመግባት ወደ ግራ ይገፋል፤ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ጥቂት ሜትር ውስጥ፣ ወደ ሚቀጥለው ክብ መግባት የሚፈልገው መኪና ደግሞ ወደ ቀኝ ይገፋል። ሁለቱ ሳይጠላለፉ ማለፍ አይችሉም። መሐንዲሶች በእውነተኛው ዓለም ይህን ቅርጽ በከባድ ትራፊክ ላይ እየተዉት የመጡት በዚሁ መጠላለፍ ምክንያት ነው፤ ጨዋታው ይህን ችግር በትክክል ማሳየቱ ከፍ ያለ ምስጋና ይገባዋል።

ችግሩን ያቃለልኩት ተጨማሪ ድልድይ በመሥራት አልነበረም። ከፈጣኑ መንገድ ጎን የሚሄድ፣ ከሱ የተለየ አንድ ባለ ሁለት መስመር መንገድ ዘረጋሁና መግቢያና መውጫዎቹን ሁሉ ወደሱ አዛወርኩ፤ መጠላለፉ ዝግ ባለው መንገድ ላይ ቀርቶ ፈጣኑ መንገድ ነጻ ሆነ። ይህን ያየሁበት ምሽት ከመስኮቱ ወደ ውጭ የተመለከትኩት በሌላ ዓይን ነበር።

ማሳለጫን ማሳለጫ የሚያደርገው ድልድዩ ሳይሆን የመስመር ሒሳብ መሆኑን ያስተማረኝ ይህ ጨዋታ ነው። በመጀመሪያው መልኩ ጨዋታው የያዘው ፈጣን መንገድ ባለ ሦስት መስመር፣ መወጣጫው ደግሞ ባለ አንድ መስመር ብቻ ነበር። ሦስት መስመር ሆኖ የሚመጣ መንገድ አንዱን መስመር በመውጫው ከሰጠ ሁለት ይቀረዋል፤ ቀጥሎ ባለው መግቢያ አንድ መስመር ሲጨመርበት ተመልሶ ሦስት ይሆናል። እንደዚህ ሲሆን ማንም መኪና ቦታ ለመለመን አይገደድም፤ የገባው በራሱ መስመር ይቀጥላል። በአንጻሩ ሦስቱ መስመር ሞልቶ እየሄደ አራተኛ መስመር ሳይጨመር መግቢያ ቢከፈት፣ ወደ ኋላ የሚዘረጋው ሰልፍ ድልድዩ ቢያምርም ባያምርም አይቀርም። ይህን ሒሳብ በትክክል ለመሥራት ግን ባለ ሁለትና ባለ አራት መስመር ፈጣን መንገድ ያስፈልጋል። እነዚህ በመደበኛነት የመጡት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 በወጣው «ማስ ትራንዚት» በተባለው ተጨማሪ ጥቅል ነው። ስለዚህ ማሳለጫ ለሚወድ ሰው ከጥቅሎቹ ሁሉ መጀመሪያ የሚገዛው ይህ ነው እላለሁ።

ለማነጻጸር ያህል፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ የክፍያ መንገድ በእያንዳንዱ አቅጣጫ ሦስት፣ በድምሩ ስድስት መስመር አለው። ከጨዋታው ዋና መንገድ ጋር በመስመር ብዛት ስለሚመሳሰል፣ በዚያ በኩል የተጓዘ ሰው በስክሪኑ ላይ ያለውን ስፋት በቀላሉ በዓይነ ልቦናው ሊመዝነው ይችላል።

ሌሎቹ ቅርጾችም ሁሉ ይሠራሉ። ሦስት አቅጣጫ ላለው መገናኛ መለከት የሚመስለው ቅርጽ ብዙ ቦታ ሳይወስድ ሥራውን ይጨርሳል። አራት ደረጃ ድርብርብ የሆነውና ክብ የሌለው ዓይነት፣ በሎስ አንጀለስ እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሚታወቀው ማለት ነው፣ መጠላለፍን ጨርሶ ያስቀራል፤ ነገር ግን ከፍታው በጣም ስለሚጨምር ከላይ የሰጠሁት የዳገት ስሌት ከባድ ዋጋ ያስከፍላል። በጣም ያስደነቀኝ ሁለቱ አቅጣጫዎች በድልድዩ ላይ ለጊዜው ጎን የሚለዋወጡበት የአልማዝ ቅርጽ ነው። በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት፣ ስፕሪንግፊልድ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2009 ተሠርቷል። ወደ ግራ የሚታጠፈው መኪና ከፊቱ የሚመጣውን ሳይጠብቅ ያልፋል። በጨዋታው ውስጥ በአንድ አቅጣጫ መንገዶች ብቻ ልሠራው ችያለሁ፤ ሁለት መብራት በቃው።

ይህን ሁሉ ማድረግ የሚቻለው ግን ተጫዋቾች ራሳቸው ሠርተው በነጻ በሚያጋሯቸው ማሻሻያዎች፣ ማለትም በሞዶች፣ እየታገዙ ነው። «ሙቭ ኢት» የተባለው ሞድ የተዘረጋን መንገድ ሳያፈርሱ አንድ ሜትር እንኳ ገፋ፣ ከፍ፣ ዝቅ ለማድረግ ያስችላል፤ ያለሱ ቅልጥፍ ያለ ኩርባ ማግኘት በጣም አድካሚ ነው። «ትራፊክ ማኔጀር፦ ፕሬዚደንት ኢዲሽን» ደግሞ እያንዳንዱ መስመር ወደ የትኛው መስመር እንደሚቀጥል በመስመር እየሳቡ ማያያዝ፣ የፍጥነት ወሰን መወሰን፣ ቅድሚያ የማን እንደሆነ መደንገግ ያስችላል። በኔ ግምት ይህ ሁለተኛው ሞድ የሌለበት ጨዋታ ለማሳለጫ ነዳፊ ግማሽ ጨዋታ ነው።

ድክመቶቹን ደግሞ በግልጽ መናገር አለብኝ። አንደኛው የአሽከርካሪዎቹ ባሕርይ ነው። በጨዋታው ውስጥ መኪና መንገዱን የሚመርጠው ሲነሣ ነው፤ ወደፊት የሚታጠፍበትን ስለሚያውቅ ከሩቅ ጀምሮ በአንዱ መስመር ላይ ይሰለፋል። ስለዚህ ሁለት መስመር ባዶ ሆኖ አንዱ መስመር ብቻ እስከ ከተማው ጫፍ ሲሰለፍ ማየት የተለመደ ነው። ሁለተኛው ከዚህ የባሰ ነው፤ መደበኛው ጨዋታ ለረጅም ጊዜ የቆመን መኪና ከመንገድ ላይ ያጠፋዋል። መጨናነቁ በራሱ ስለሚጠፋ ተጫዋቹ ማሳለጫው የሚሠራ ይመስለዋል። ከላይ የጠቀስኩት የትራፊክ ሞድ ይህን ማጥፋት እንዳይኖር ማድረግ ያስችላል፤ እኔ ሁልጊዜ አስቀርቼው ነው የምጫወተው፤ የሠራሁትን በሐቅ መመዘን የምችለው ያኔ ብቻ ነው። ሦስተኛው፣ ጨዋታው በአንድ ጊዜ ሊያንቀሳቅስ የሚችለው ተሽከርካሪ 16,384 ብቻ መሆኑ ነው። ከተማው በጣም ሲያድግ መንገዱ ባዶ የሚመስለው በጥሩ ንድፍ ሳይሆን በዚህ ወሰን ምክንያት ሊሆን ይችላል።

የኛን ከተማ አሽከርካሪ የሚያውቅ ሰው ሌላ የጎደለ ነገርም ያያል። በመግቢያው ጫፍ ላይ ተሳፋሪ ለማውረድ የሚቆም ሚኒባስ ታክሲ የለም፤ መስመሩን ለቆ በሁለት መስመር መካከል የሚሄድ የለም፤ መብራት ሲጠፋ መሃል ገብቶ በእጁ የሚያስተናግድ የትራፊክ ፖሊስ የለም። የኛን ሰልፍ የሚፈጥረው ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ነገር ስለሆነ፣ በጨዋታው ውስጥ የተሳካ ማሳለጫ እዚህ እንደሚሳካ ማስረጃ አይሆንም።

ይህን በደንብ ያየሁት የጎተራ ማሳለጫን በስክሪን ላይ ለመሥራት ስሞክር ነው። ሁለት ቅዳሜ በእግሬ ሄጄ ከዳር ቆሜ እያንዳንዱ መውጫ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያርፍ በደብተር ሣልኩ። ከዚያ ቤት ገብቼ አንድ ሳምንት ሙሉ ለካሁ፣ አፈረስኩ፣ እንደገና ሠራሁ። ሥራውን ስጨርስ ዕድሜውን በመንገድ ሥራ ላይ ያሳለፈውንና አሁን ጡረታ የወጣውን አጎቴን ጠርቼ አሳየሁት። መነጽሩን አድርጎ ብዙ ደቂቃ ዝም ብሎ ተመለከተ፤ ኩርባዎቹን አደነቀልኝ። ቀጥሎም ጣቱን ከማሳለጫው ወጣ ብሎ ባለ አንድ መስቀለኛ መንገድ ላይ አሳርፎ፣ «ይኼ ሁሉ መኪና ከወረደ በኋላ የት ሊገባ ነው? እዚህ ጋ ያለው መብራት ስንት ሰከንድ ይሰጠዋል?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። መብራቱን አላየሁትም ነበር፤ ድልድዩን ብቻ ነበር ያየሁት። ሰልፉን ስከተለው በእርግጥ ከዚያ መብራት ጀምሮ ወደ ኋላ ተዘርግቶ መወጣጫውን ሞልቶት አገኘሁት። ከዚያ ቀን ወዲህ ማሳለጫ ስነድፍ የምጀምረው ከድልድዩ ሳይሆን መውጫው ከሚያርፍበት የከተማ መንገድ ነው፤ መጀመሪያ ያንን መስቀለኛ መንገድ አሰፋለሁ፣ ወይም አደባባይ አደርገዋለሁ፣ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ላይ የምወጣው።

አጎቴ ከመሄዱ በፊት ሌላም ነገር ጠየቀኝ፤ «እግረኛውስ?» አለ። የቀለበት መንገዱን አጥር ዘለው የሚሻገሩ ሰዎችን ያየ ሁሉ ይህን መጠየቁ አይቀርም። በከተማችን አብዛኛው ሰው በእግሩ ነው የሚሄደው፤ ማሳለጫ ደግሞ መኪናን እያሳለጠ ሁለት ሰፈር ሊለያይ ይችላል። ጨዋታው በዚህ በኩል ከጠበቅሁት በላይ ደግ ነው። የእግረኛ መንገድ እንደ ማንኛውም መንገድ መዘርጋት፣ በድልድይ ማንሳት፣ በምድር ሥር ማሳለፍ ይቻላል፤ ነዋሪዎቹም ካገኙት በብዛት ይጠቀሙበታል። በጎተራ ሥዕሌ ላይ ሦስት የእግረኛ መሻገሪያ ጨምሬ ስመለስ፣ በመንገዱ ላይ የነበረው የመኪና ቁጥር ራሱ ቀነሰ። እንደ ንድፍ ትምህርት ከሁሉ የበለጠ ዋጋ የምሰጠው ለዚህ ነው።

ስለ ሁለተኛው ክፍል አጭር ቃል ልበል። «ሲቲስ፦ ስካይላይንስ 2» እ.ኤ.አ. ጥቅምት 24 ቀን 2023 ወጥቷል። የመንገድ መሣሪያዎቹ ከቀድሞው እጅግ የተሻሉ ናቸው፤ ሁለት ትይዩ መንገድ በአንድ ጊዜ መዘርጋት፣ አደባባይን በአንድ ጠቅታ መትከል ይቻላል። አሽከርካሪዎቹም መንገድ ሲመርጡ ጊዜንና ወጪን ያመዛዝናሉ፤ የትራፊክ አደጋም አለ። ሆኖም አምራቾቹ ራሳቸው ጨዋታው ሲወጣ የፈለጉትን የፍጥነት ደረጃ እንዳላሟላ ተናግረው ነበር፤ የሚመከረው የምስል ካርድም አርቲኤክስ 3080 ነው። እንዲህ ያለ ኮምፒውተር በእጁ ያለ ሰው ቢሞክረው ደስ ይለኛል። በመደበኛ ላፕቶፕ ለሚጫወት ግን የመጀመሪያው ክፍል አሁንም የተሻለ ምርጫ ነው።

ለመጀመሪያው ክፍል 8 ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕ ያስጀምራል፤ ሞዶችን ለሚያበዛ ግን 16 ጊጋባይት ይመቻል። መብራት በድንገት ሊጠፋ በሚችልበት ቤት የሚጫወት ሰው በቅንብሩ ውስጥ ያለውን የራስ-ሰር ማስቀመጫ ከመጀመሪያው ቀን ይክፈተው፤ እኔ አንድ ሙሉ ድርብርብ ማሳለጫ በመብራት መጥፋት አጥቻለሁ፤ አሁን በየ10 ደቂቃው እንዲያስቀምጥ አድርጌዋለሁ። ጨዋታው ሲታደስ ሞዶች ለጥቂት ቀናት ሊበላሹ ስለሚችሉ፣ ከእድሳት በፊት የከተማውን ቅጂ ለይቶ ማስቀመጥም ይጠቅማል። ስለ ግዢው፣ ዋናውን ጨዋታና «ማስ ትራንዚት»ን ብቻ ይዞ መጀመር ይበቃል፤ ሁለቱን ሞዶች በነጻ መጨመር ነው። በረዶውን፣ የምሽት ሕይወቱንና የቀሩትን ጥቅሎች ማሳለጫ ለሚወድ ሰው አልመክርም፤ ዋጋቸው ሲቀንስ ጠብቆ መግዛት ይቻላል። የጎተራው ሥዕሌ አሁንም ከምሥራቅ በሚመጣው መውጫ ላይ ጠዋት ጠዋት ይሰለፋል፤ በዚህ ሳምንት ታች ያለውን መብራት አንሥቼ አደባባይ ልሞክርበት ነው።